በር ያልነበረው ሆቴላችን

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ። ስቀህም "እኔ ደህና ነኝ፣ ይልቅ እናንተ ንገሩኝ" ትላለህ። ስለዚህ እኔው ልንገርህ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መጀመሪያ ቀኑን እቆጥር ነበር፤ ከዚያ ሳምንቱን። አሁን ወሩን እንኳ የማውቀው እማዬ ስታስታውሰኝ ነው። ረስቼህ አይደለም። ሐዘኑ ቀስ እያለ ቤቱን ለቆ ወጣ፣ አንተ ግን ቀረህ።

እማዬ ደህና ናት። ደረጃ ሲሆን ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ እሁድ እሁድ ከእናቶች መዘምራን ጋር ቆማ መዘመሯን አልተወችም። ነጭ ልብሷን ቅዳሜ ማታ ራሷ ትተኩሳለች። እኔ ልተኩስልሽ ስላት "አንቺ እጥፋቱን ታበላሺዋለሽ" ትለኛለች። ያን ሁሉ ዓመት የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ለኖረች ሴት የእኔ አተኳኮስ መቼም አይጥማትም።

እኔ ወደ ጫኖ ተዛውሬ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጠዋት ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ በሚኒባስ እሄዳለሁ። የተማሪዎቼ ወላጆች አብዛኞቹ ሙዝና ማንጎ የሚያለሙ ናቸውና ቤታችን ሙዝ አጥቶ አያውቅም። ልጄ ሊዲያ ስድስት ዓመቷን ይዛለች፤ የፊት ጥርሷ ተነቅሎ ስትስቅ አንተን ትመስላለች። ታስታውሰኛለች ወይ ብትለኝ፣ ጢምህ ጉንጯን ሲወጋት ታስታውሳለች። ሌላው እኛ የነገርናት ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያለፈው ሳምንት ነገር ነው። እማዬን ለጉልበቷ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ስንመለስ ባጃጁን አስቆመችና "በዚያ በኩል እንሂድ" አለችኝ። በዚያ በኩል ማለት ወዴት እንደሆነ አንተ አይጠፋህም። ያኔ የኖርንበት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆምን። አሁን ክሬም ቀለም ተቀብቶ፣ ሥሩ መድኃኒት ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተከፍቶበት፣ ላዩ ቢሮ ሆኗል። መስታወቶቹ ፀሐይ ሲነካቸው ዓይን ይወጋሉ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቀና ብላ ሁለተኛውን ፎቅ አየች። እዚያው ቆማ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሳላውቀው የኖርኩትን ነገር ነገረችኝ።

አንተ የምታውቀውን ለአንተው መልሼ ስነግርህ አትታዘበኝ። ከእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ግን ነግሬህ አላውቅም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አንተ የዚያን ሕንፃ አርማታ በባሬላ የምትሸከም የጉልበት ሠራተኛ ነበርክ። አንድ ቀን ሥራው ቆመ። ባለቤቱ አቅሙ አልቆ ሠራተኛው ተበተነ። ሲቀላ የነበረችንን የኪራይ ክፍል መያዝ አቃተን፤ የእማዬ ደሞዝ ብቻውን አይችለውም ነበር። ባለቤቱ አንተን ጠርቶ "እስክጨርሰው ድረስ ጠብቅልኝ፣ ቤተሰብህንም ይዘህ ግባበት" አለህ። ቤት ተገኘ። ባለ አራት ፎቅ፣ ግን በርም መስኮትም የሌለው፣ ፌሮው ከጣሪያው ላይ ወደ ሰማይ የቆመ ቤት።

የገባንበት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አንተ ፍራሹን በራስህ ተሸክመህ፣ እኔ የውሃውን ጆግ ይዤ ተከትዬህ ደረስን። መግቢያው ላይ ስደርስ ቆምኩና "አባዬ፣ በሩስ?" አልኩህ። "ፍራሹን ላስቀምጥ" ብለህ ከአንዱ የአርማታ ምሰሶ፣ ከአንዱ ኮለን ጀርባ ገባህ። እኔ ግራና ቀኝ አየሁ። ብሎኬት፣ አሸዋ፣ ነፋስ። ማልቀስ ጀመርኩ።

ያኔ እማዬ ከላይ ወረደች። ከሆቴሉ በቀጥታ ስለመጣች አረንጓዴ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ነበር፤ እኛ እስክንደርስ ክፍሉን ስትጠርግ ቆይታለች። ታች ደረጃ ላይ ቆመች፤ እጇን በጋዋኗ ጠረገች፤ ቀጥ አለችና እንዲህ አለች፦ "እንኳን ወደ ሆቴላችን በደህና መጡ፣ እመቤቴ። ስንተኛ ፎቅ ይፈልጋሉ?"

ከኋላዬ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም።

"ሐይቁን የሚያይ ክፍል አለን፤ ተራራውን የሚያይም አለን። እንደ ምርጫዎ ነው" አለች።

ይሄኔ አንተ ከኮለኑ ጀርባ ብቅ አልክ። ፊትህ ላይ ሲሚንቶ ነበር። ወደ እኔ መጥተህ ጎንበስ ብለህ "ሻንጣዎን ልያዝልዎት" አልክና ጆጉን ከእጄ ወሰድክ። እኔም አፍንጫዬን እየሳብኩ "ሐይቁን" አልኩ። ሆቴላችን እንዲህ ተከፈተ።

አባዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሆቴሉን የፈጠርከው አንተ ትመስለኝ ነበር። እማዬ ግን ባለፈው ሳምንት እንዲህ አለችኝ፦ "አባትሽ ያን ቀን ከኮለኑ ጀርባ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ከደረጃው ላይ ሆኜ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አንቺ እዚህ ታለቅሻለሽ፣ እሱ እዚያ ያለቅሳል። የምለው ጠፋኝ። ስለዚህ ሥራ ቦታ ቀን ሙሉ ስሰማው የምውለውን አልኩ። ተከትሎኝ ይወጣል ብዬ ግን በፍጹም አላሰብኩም።"

አንተ ግን ወጣህ። ወጥተህም ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጨዋታ አልወረድክም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ዛሬም ያስቀኛል። እማዬ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ደራርባ ሰፍታ በክፍላችን መግቢያ ላይ ሰቀለች፤ አንተ በከሰል እጀታና የቁልፍ ቀዳዳ ሣልክበት። ወረቀት ስለሆነ ሲያንኳኩት ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ከመግባትህ በፊት በአፍህ "ኳ ኳ ኳ" ትል ነበር። እኔ "ማን ነው?" ካላልኩ አትገባም። አንዳንዴ ሆን ብዬ ዝም እልሃለሁ፤ አንተም ሲቀላ ገበያ ጆንያ ስትሸከም ውለህ፣ ወገብህ እየቆረጠህ፣ ውጭ ቆመህ ትጠብቃለህ።

እራት ሲደርስ እማዬ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆማለች። "ዛሬ ያለን ሀለኮ በበቆሎ፣ በቆሎ በሀለኮ፣ ወይም ሁለቱ አንድ ላይ ነው" ትላለች። አንተ ግንባርህን ቋጥረህ ረጅም ጊዜ ታስባለህ። "ትናንት በቆሎ በሀለኮ በልቼ ነበር፤ ዛሬስ ሀለኮ በበቆሎ ይሁንልኝ" ትላለህ። ሀለኮ የምንለው፣ ጎረቤት አጥር ላይ የበቀለው የሽፈራው ቅጠል ነበር ያኖረን። እኔ ግን በልጅነቴ አማርጬ ያልበላሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ከአባያ ሐይቅ በኩል እየነዳ በመስኮቱ ክፍተት ይገባል። ፍራሻችን የረጠበ ቀን እማዬ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አንተ ግን ጉሮሮህን ጠረግህና "ክቡራን እንግዶቻችን፣ በዚህ ክፍል ስለተፈጠረው ነገር ይቅርታ እንጠይቃለን። ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አሳድገናችኋል" አልክ። ፍራሹን ተሸክመህ ቀደምክ። በዚያ የዝናብ ወቅት ከአሥር ጊዜ በላይ ክፍል ቀይረናል። ነፋሱ ሲዞር እኛም እንዞራለን። ሐይቁን፣ ተራራውን፣ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን የእግዜር ድልድይን፣ ሁሉንም ከየመስኮቱ አየሁ። ፈረንጆች ያንን ለማየት ከስንት አገር ይመጣሉ፤ እኔ በጥርስ መፋቂያዬ እየፋቅሁ አየው ነበር።

የዝንጀሮውን ቀንስ? ከጫካው ወጥተው ሦስት ሆነው ገብተው ድስቱን ገልብጠው፣ አንደኛው የእማዬን ጋዋን ይዞ አራተኛ ፎቅ ወጣ። እማዬ መጥረጊያ ይዛ ስትጮህበት፣ አንተ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለህ "ተዪው የምህረት እናት፣ አዲሱ ሠራተኛ ነው፣ የደንብ ልብስ እየለካ ነው" አልካት። መጥረጊያውን ጥላ እስክትቀመጥ ሳቀች። በማግስቱ በተቀደደ ጋዋን ሥራ ገብታ ምን እንዳሏት አልነገረችንም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

እኔ ሆቴሉን አምኜው ነበር። ልጅ ነኝ፤ ምን ያህሉን እንዳመንኩ አሁን በትክክል መናገር አልችልም፤ ግን ክፍል ውስጥ "የምኖረው ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ሁለቱም ሐይቆች ይታዩናል" ብዬ ተናገርኩ። ትዕግስት የምትባለው፣ አባቷ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያለው፣ "አሳዪኝ" አለችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ይዣት መጣሁ። አንተም እማዬም ሥራ ላይ ነበራችሁ። ሁሉንም አስጎበኘኋት። ግድግዳው ላይ የሣልክልኝን ራስጌ መብራትና መጋረጃ፣ በመጨረሻም በሩን። ትዕግስት በሩን በጣቷ ነካችው። ወረቀቱ ተወዛወዘ። ጣቷ ላይ የቀረውን ከሰል አይታ ቀሚሷ ላይ ጠረገችውና ሄደች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ለሁሉም ነገረቻቸው። "ሆቴል አይደለም። ያላለቀ ፎቅ ነው። አባቷ ዘበኛ ነው። በራቸው ወረቀት ነው።" ሁሉም ሳቁ። የሳቁት ለአንድ ደቂቃ ይሆናል፤ ለእኔ ግን እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ በሩን ቦጫጨቅሁት።

ስትመጣ ቁርጥራጩ መሬት ላይ ነበር። "ኳ ኳ" ልትል አፍህን ከፍተህ መለስከው። ጎንበስ ብለህ ወረቀቱን አንድ በአንድ ለቀምክ። "ማነው የቀደደው?" አልክ።

"እኔ ነኝ" አልኩህ። "ዋሸኸኝ። ሆቴል አይደለም። አንተ ዘበኛ ነህ።"

ዘበኛ የሚለውን ቃል እንዴት አድርጌ እንዳልኩት ጆሮዬ ላይ አለ። ልመልሰው ብችል እመልሰው ነበር።

አንተ የአሸዋው ክምር ላይ ቁጭ አልክ። አልተቆጣህም። "ምህረትዬ" አልክ፣ "አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ውሸት ማለት አንዱ አውቆ ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ነው። እኛ ሦስታችንም አውቀን የምንጫወት መስሎኝ ነበር። ካላወቅሽ ግን ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በዪኝ።"

አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከዚያም በኋላ ብዙ አላየሁም።

ቀጥለህ እጄን ያዝክና ከታች ጀምረህ ሕንፃውን አስጎበኘኸኝ፤ በዚህኛው ጊዜ እውነተኛውን። "ይህን ኮለን ስንሞላ ጫማዬ አርማታው ውስጥ ቀርቷል፤ እስካሁን እዚያ ውስጥ ነው። ይህን ሶሌታ፣ የቆምንበትን ወለል፣ የሞላነው በአንድ ቀን ነው፤ ጠዋት ጀምረን ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረስን፤ በመሀል ከቆምክ ይሰነጠቃል። እዚች ጋ አንድ ጓደኛዬ ወድቆ እጁ ተሰብሯል። ይህ ደረጃ ጠማማ ነው፣ ሙያተኛው ቸኩሎ ነው፤ አይተሻል?" እያልክ እስከ ጣሪያው ወጣን። ላይ ስንደርስ "አዎ፣ ዘበኛ ነኝ" አልክ። "የምጠብቀው ግን በገዛ እጄ የተሸከምኩትን ነው።"

እማዬ ስትመጣ ሦስታችንም አዲስ በር ሠራን። የዚህን ጊዜ እጀታውን የሣልኩት እኔ ነበርኩ። ይገርምሃል፣ ካወቅሁ በኋላ ጨዋታው ይበልጥ ጣመኝ። ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። አንተን ዘግይተህ ስትመጣ እቆጣሃለሁ፤ እማዬን አንሶላው ተጨማዷል እላታለሁ። ትምህርት ቤት ሲስቁብኝም "አዎ፣ ወረቀት ነው፣ እኔ ነኝ የሣልኩት" ማለት ጀመርኩ። ለሳቀ ሰው እንዲህ ብለህ ስትመልስለት የሚጨምረው ይጠፋዋል።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ከሰዓት ከታች ድምፅ ሰማን። አንተ ወገብህን አሞህ የዋልክበት ቀን ነበር። ወደ ታች ስናይ ትዕግስት ብቻዋን መግቢያው ላይ ቆማለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ወዲያው ቀና ብላ ጮክ አለች፦

"አልጋ አለ?"

እኔ ልመልስላት አልፈለግሁም። አንተ ወገብህን ይዘህ ተነስተህ በመስኮቱ ብቅ አልክና "ለስንት ቀን ነው?" አልካት።

"ለአንድ ሰዓት" አለች። "እናቴ ከዚያ በላይ አልፈቀደችልኝም።"

አንተ ወደ እኔ ዞረህ "ሥራ አስኪያጇ ይወስኑ" አልከኝ። ወሰንኩ። ትዕግስት ዛሬ አዲስ አበባ ናት፤ የሊዲያን ልደት አንዴም ረስታ አታውቅም። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ጠይቂኝ አላልኳትም። ያቺ "አልጋ አለ" በቅታን ነበር።

ሁለት ዓመት ሲሞላ ባለቤቱ ሥራውን ጀመረ። አንተንም መልሶ ቀጠረህ፤ ያውም አሁን ልስን ለምደህ በተሻለ ደሞዝ። ወደ ሲቀላ፣ በር ወዳለው ቤት ወረድን። የእንጨት በር፣ የሚጮህ ማጠፊያ ያለው። የሆቴላችንን ክፍል ግድግዳ ልትለስን የደረስክ ዕለት ትምህርት ቤት መጥተህ ወሰድከኝ። "ከየትኛው ልጀምር?" አልከኝ። ከመጋረጃው አልኩህ። የሣልካቸውን ሁሉ በእጅህ፣ ቀስ ብለህ፣ አንድ በአንድ በሲሚንቶ ሸፈንካቸው። አላዘንንም። ልስኑ በጣም ቆንጆ ነበርና ሁለታችንም እሱን ስናደንቅ ቆየን።

አባዬ፣ አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። የቀብርህ ዕለት የሕይወት ታሪክህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ የባለቤቴ ዘመዶች፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ የቢሮ ሰዎች። "በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ጆሮዬን አሳከከኝ፤ ግን አላረምኩትም። ሰባት ዓመቴ ላይ ያለፍኩትን ፈተና ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ላይ ወደቅሁ። እማዬም ባለፈው ሳምንት ሕንፃው ፊት ቆመን ሳለ ድንገት "ያኔ ለምን ዘበኛ ነበር ብለሽ አልጻፍሽም? እሱ እኮ አፍሮበት አያውቅም" አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብተን እስከ ሲቀላ ድረስ እጇን ይዤ ሄድኩ።

ስለዚህ እንደገና ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦

"ከጨንቻ ደጋ በወጣትነቱ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ጆንያ ተሸከመ፣ አርማታ ተሸከመ፣ ሕንፃ ጠበቀ፣ በኋላም ልስን ለመደና የብዙ ሰው ቤት አሳመረ። ሚስቱ የሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበረች። አንድ ልጅ ወለዱ። ልጃቸው በልጅነቷ ድህነት ምን እንደሚመስል አላወቀችም፤ በእሷና በድህነት መካከል ሁለት ሰዎች ቆመው ነበርና።"

ትናንት ከሰዓት ለእማዬ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠች። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ስጠብቅ "አንድ ነገር ጎድሎታል" አለች። "ምን?" አልኳት። "መዝሙር ሲዘምር ዜማ ይስት ነበር በዪ። ያን ካላልሽ ሌላ ሰው ይመስላል።" ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔም ጨመርኩበት።

ሊዲያ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። ራሷ ማንበብ እስክትችል ድረስ በየዓመቱ ያረፍክበት ቀን ሲደርስ ይህን ታሪክህን አነብላታለሁ። ከዚያ በኋላ ጮክ ብላ እሷ ታነብልናለች፣ እኛ እናዳምጣለን። ዘበኛ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስም ድምጿን ዝቅ እንዳታደርግ፣ እኔ ከአሁኑ አለማምዳታለሁ።

ልጅህ፣
ምህረት